ስለ ኮሚክና አኒሜሽን ሥራ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ የአንድ ካርቱኒስት መልስ

ካርቱን በመሣል መኖር ከጀመርኩ 20 ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ። የልጆች መጽሐፍ ሥያለሁ። ማስታወቂያም ሠርቻለሁ፤ አኒሜሽን ቡድን ውስጥ ገብቼ ሌሊት ያነጋሁባቸው ወራትም አሉ። ጥያቄ የሚልኩልኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄዎቹም ይመሳሰላሉ። ስለዚህ እዚህ ሰብስቤ ልመልስ።

ስለ አሣሣል የሚጠይቀኝ ብዙ ነው። ስለ ውል የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንድ ነው። እኔ ደግሞ እጁ ወርቅ ሆኖ ባዶ ኪሱን የቀረ ሠዓሊ በጣም ስላየሁ ስለ ውል አበዛለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር ብቻ በእኛ ነው።

ኮሚክ ልጀምር ወይስ አኒሜሽን?

ኮሚክ ጀምሩ።

ለኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል ለሚነገር ታሪክ፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጥቁር እስክሪብቶና ትዕግሥት ይበቃል። ታሪኩ ካላማረ የምትከስሩት ወረቀትና ጊዜ ነው። አኒሜሽን ግን የደቦ ሥራ ነው። ታሪኩን የሚጽፍ፣ ስቶሪቦርዱን (የፊልሙን ትዕይንቶች በቅደም ተከተል የሚያሳየውን ረቂቅ ሥዕል) የሚሠራ፣ መደቡን (ከገጸ ባሕርዩ ጀርባ የሚታየውን ሥፍራ) የሚሥል፣ ገጸ ባሕርዩን የሚያንቀሳቅስ፣ ድምፅ የሚሰጥ፣ ሁሉን አንድ ላይ የሚያቀናብር ሰው ይፈልጋል። ደቦ የጠራ ሰው ደግሞ ማብላትና ማጠጣት አለበት።

ሁለቱንም በአንድ እጁ ከሠሩት ሰዎች አሜሪካዊው ዊንሶር ማኬይ ይደንቀኛል። በ1905 ኒውዮርክ ሄራልድ ጋዜጣ ላይ ኮሚክ ጀመረ፤ ማታ ማታ በሕልሙ ሌላ ዓለም ውስጥ ስለሚገባ ሕፃን። በ1914 ደግሞ ገርቲ የምትባል ዳይኖሰር ሥሎ አንቀሳቀሳት። መድረክ ላይ ቆሞ ያዛታል፣ እሷ ሸራው ላይ ትታዘዛለች። ሥዕሎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። መደቡን ለብቻው ሥሎ ገጸ ባሕርይዋን ከላይ አልደረበም፤ ስለዚህ ድንጋዩም ዛፉም በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ እንደገና ይሣል ነበር። ለዚያ ብቻ ረዳት ያዘ። በኋላ ግን ቀጣሪው የጋዜጣ ባለቤት፣ ዊልያም ራንዶልፍ ሐርስት፣ መድረኩን ትቶ የጋዜጣ ካርቱን ላይ እንዲያተኩር አደረገው። የዚያን ዘመን ትልቁ ካርቱኒስት እንኳ በሰው ፈቃድ ያድር ነበር።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በደንብ የተሠራ ኮሚክ ግማሽ ስቶሪቦርድ ነው። አንድ ቀን አኒሜሽን የሚሠራ ሰው ቢመጣ ሐሳብ ሳይሆን መጽሐፍ ታሳዩታላችሁ።

ለአንድ ደቂቃ አኒሜሽን ስንት ሥዕል ያስፈልጋል?

በፊልም አንድ ሴኮንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ አለው። ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም እናቆየዋለን። ስለዚህ በሴኮንድ 12 ሥዕል፣ በደቂቃ 720 ሥዕል ማለት ነው። የ22 ደቂቃ አንድ ክፍል 15,840 ሥዕል ይወስዳል። በቀን 20 ሥዕል የሚጨርስ ሰው ብቻውን ልሥራው ቢል፣ እሑድንም በዓልንም ሳያርፍ 792 ቀን ያስፈልገዋል። ይህም አንድ ገጸ ባሕርይ ብቻ ሲንቀሳቀስ ነው።

«በሁለት ሳምንት የአምስት ደቂቃ አኒሜሽን ሥራልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየዋለሁ። አብዛኛው ሰው ስለማያውቅ ነው እንጂ ክፋት ኖሮት አይደለም።

ዋጋ ቀንሼ ብገባና ስሜን ካወቁ በኋላ ብጨምርስ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ትዝ የሚለኝ ጃፓናዊው ኦሳሙ ቴዙካ ነው። የተዋጣለት የማንጋ፣ ማለትም የጃፓን ኮሚክ፣ ሠዓሊ ነበር። ትንሹን ሮቦት አቶምን በ1952 በማንጋ ጀመረው፤ ጥር 1 ቀን 1963 ደግሞ በፉጂ ቴሌቪዥን አንቀሳቅሶ አቀረበው። በጃፓን በየሳምንቱ የሚቀርብ የግማሽ ሰዓት አኒሜሽን ያኔ ተጀመረ። እንዲገዙት ግን ከማምረቻ ወጪው ባነሰ ዋጋ ሸጠው። ጉድለቱን በመጫወቻ፣ በዕቃ ላይ በሚታተም ሥዕልና ውጭ አገር በመሸጥ ሞላው።

ሥራው ተወደደ። ብልሃቱም ብዙ ነው፤ አፉ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ መደቡ ይንሸራተታል፣ አንድ ጊዜ የተሣለው ሩጫ ተቀምጦ ሌላ ክፍል ላይ ይደገማል። ችግሩ ዋጋው ነው። አንዴ ርካሽ ተብሎ የገባ ዋጋ ለሌላውም ስቱዲዮ መለኪያ ሆነ። ያቋቋመው ሙሺ ፕሮዳክሽን በ1973 ከሰረ። የጃፓን አኒሜተሮች በዝቅተኛ ክፍያ እስከ ዛሬ ያማርራሉ፤ የዚያን ጊዜውን ዋጋ የሚወቅሱም አሉ።

ቴዙካን እወደዋለሁ። ግን እሱ የሚሸጥ መጫወቻ ነበረው። እናንተ ዋጋ ስትቀንሱ ጉድለቱን የምትሞሉበት ምን አላችሁ? ከሌላችሁ ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን ቀንሱ። የአምስት ደቂቃ ገንዘብ ከሌለው ሰው ጋር የ40 ሴኮንድ ሥራ ተስማሙ፤ ያንን አሳምራችሁ ሥሩ።

ገጸ ባሕርዬን በአንድ ጊዜ ክፍያ ብሸጥ ምን ችግር አለው?

የራሴን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት ማስታወቂያ ገጸ ባሕርይ ሣልኩ። ስሟን ራሴ አወጣሁላት። የአንድ ጊዜ ክፍያ ነበር፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። ገንዘቡ ጥሩ ነበር፣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ከፈልኩበት። ከዓመት በኋላ ካፌ ተቀምጬ ቀና ብል ቴሌቪዥን ላይ ትደንሳለች። ድምፅ ተሰጥቷታል። እኔ ያላሰብኩትን ቃል ትናገራለች። ቤቴ ሄጄ ወረቀቱን አወጣሁ። ከፊርማዬ በላይ «ሙሉ መብቱን አስተላልፌያለሁ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ሳላነባት ነው የፈረምኩት። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ፤ የልጅቷ ድምፅ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

እኔ ብቻ አይደለሁም። ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ የክሊቭላንድ ወጣቶች ሱፐርማንን ከነመብቱ በ1938 ለአሳታሚ የሸጡት በ130 ዶላር ነው። ገጸ ባሕርዩ በ1941 በአኒሜሽን መጣ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ትልልቅ ፊልም። ፍርድ ቤት ቢሄዱም መብቱን አላስመለሱም። ሹስተር በእርጅናው ዓይኑ ደከመ፤ ሲገል በትንሽ ደመወዝ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። በ1975 ሌሎች ካርቱኒስቶች ጮኸውላቸው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላርና ስማቸው ሥራው ላይ እንዲጻፍ ተፈቀደላቸው። ያ ሁሉ ጩኸት ለዚህች ገንዘብና ለስም ነበር።

ዋልት ዲዝኒም ቀምሷታል። በ1927 ኦስዋልድ የሚባል ጥንቸል ሠራ፤ ተወደደለት። በ1928 ክፍያ ይጨመርልኝ ብሎ ኒውዮርክ ሲሄድ፣ ጥንቸሉ በውል የፊልም ኩባንያው የዩኒቨርሳል እንደሆነ ተነገረው። አኒሜተሮቹንም አብዛኞቹን ወስደውበታል። ባዶውን ተመለሰ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሚኪ ማውስ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ገጸ ባሕርይ ለማንም አሳልፎ አልሰጠም። ኦስዋልድ ወደ ዲዝኒ ቤት የተመለሰው በ2006 ነው፤ በምትኩ ዲዝኒ አንድ የታወቀ የስፖርት ዘጋቢ ለዩኒቨርሳል እኅት የቴሌቪዥን ጣቢያ ለቀቀ። ለአንድ ጥንቸል 78 ዓመት ጠበቁ።

በእኛ አገር ሕግ መብቱ የማን ነው?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው የሚመለከተን። ሥዕላችሁ ጥበቃ የሚያገኘው ወረቀት ላይ ከሠፈረበት ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ሳይመዘገብም የእናንተ ነው። ኢኮኖሚያዊ መብቱ በሕይወት እስካላችሁ ከዚያም 50 ዓመት ይቆያል። የሞራል መብት የሚባልም አለ፦ ስማችሁ እንዲጠቀስና ሥራችሁ ክብራችሁን በሚነካ መልኩ እንዳይለወጥ የመጠየቅ መብት።

አሁን ልብ በሉ። ተቀጥራችሁ ወይም ታዝዛችሁ የሠራችሁት ሥራ ከሆነ፣ በውል ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ ኢኮኖሚያዊ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ብዙ ልጆች ተቃራኒውን ነው የሚያስቡት። «ምንም አልፈረምኩም፣ ስለዚህ የኔ ነው» ይላሉ። በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ ዝም ማለት ያስጎዳል።

የገጸ ባሕርዩን ስምና መልክ ለዕቃ መለያ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁ ደግሞ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። እሱ ምዝገባ ይፈልጋል። ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። የሚመዘገበው በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ከበድ ያለ ውል ከገጠማችሁ ግን የኔን መልስ ይዛችሁ አትፈርሙ፤ ጠበቃ ይየው።

ውሉ ላይ ምን ልይ?

ምን እንደምትሸጡ በስሙ ይጻፍ። «ሥዕል» የሚለው ቃል አይበቃም። ለመጽሐፍ ነው? ለፖስተር ነው? ለስንት ዓመት? ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ወይስ በየትም? አኒሜሽን፣ መጫወቻ፣ ቲሸርትና ጌም ለየብቻቸው ይጠቀሱ። ቀጥሎ «በዚህ ውል በግልጽ ያልተጠቀሰ መብት ሁሉ የሠዓሊው ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር አስጨምሩ። እኔ ከዚያ ካፌ ወዲህ ይህች ዓረፍተ ነገር የሌለችበት ወረቀት ላይ ፈርሜ አላውቅም።

ቀብድ ሳትቀበሉ እርሳስ አታንሱ። እኔ የምቀበለው ግማሹን ነው። ነፃ እርማት ስንት ጊዜ እንደሆነም ይጻፍ፤ ሁለት ጊዜ ይበቃል። አለበለዚያ «ፀጉሩን ትንሽ ቀይርልኝ» እየተባለ ወሩ ያልቃል።

«ከተጣራው ትርፍ ፐርሰንት እንሰጥሃለን» የሚል ሰው ሲመጣ ደስ አይበላችሁ። የተጣራ ትርፍ የሚገኘው ሁሉም ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ ወጪውን የሚቆጥረው ደግሞ እሱ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይሉት ነገር ነው። ፐርሰንቱ ከሽያጭ ዋጋው ላይ ይሁን፣ መጠኑ ቢያንስም ግድ የለም።

«እምቢ፣ ገጸ ባሕርዬን አልሸጥም» ብል ሥራው ያልፈኝ የለ?

አንዳንዱ ያልፋችኋል። አልዋሻችሁም። ኪራይ በደረሰበት ሳምንት እምቢ ማለት ከባድ ነው፤ እኔም ያልቻልኩባቸው ጊዜያት ነበሩ። ስለዚህ አንድ ነገር ለዩ። ለደንበኛ ብላችሁ የምትፈጥሩትን ገጸ ባሕርይ ሽጡት፣ ግን በወጉ አስከፍሉ። ለራሳችሁ የፈጠራችሁትን፣ ከእናንተ ጋር ያደገውን ግን አከራዩት እንጂ አትሽጡት።

ኬቪን ኢስትማንና ፒተር ሌርድ በ1984 የኒንጃ ኤሊዎችን የመጀመሪያ መጽሐፍ ያሳተሙት ከአጎት በተበደሩትና ራሳቸው ባጠራቀሙት ገንዘብ ነው። ጥቁርና ነጭ ነበር፣ ወደ 3 ሺህ ኮፒ። ማንም አላሳተመላቸውም፤ ስለዚህ መብቱም የማንም አልነበረም፣ የእነሱ ነበር። የመጫወቻ አምራች ሲመጣ ያከራዩት ነገር ነበራቸው። የቴሌቪዥኑ አኒሜሽን በ1987 መጣ። በ2009 መብቱ ሲሸጥ ዋጋው 60 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ከ130 ዶላሩ ጋር አስተያዩት።

በሌላው ጫፍ ቢል ዋተርሰን አለ። ስለ አንድ ልጅና ስለ ነብሩ በየቀኑ ለጋዜጣ ይሥል ነበር፣ ከ1985 እስከ 1995። አሻንጉሊት ይሠራ፣ አኒሜሽን ይሁን እያሉ ለመኑት። እሱ ገጸ ባሕርያቱ ጋዜጣ ላይ ብቻ እንዲኖሩ ነበር የሚፈልገው። የመጀመሪያ ውሉ መብቱን ኮሚኩን ለጋዜጦች ለሚያከፋፍለው ድርጅት ይሰጥ ስለነበር ዓመታት ተከራክሮ ውሉን አስለወጠ። ያንን ሁሉ ገንዘብ እምቢ ማለቱ ትክክል ነው ወይ ብትሉኝ፣ እኔ አልችለውም ነበር እላለሁ። የሚያስቀናኝ እምቢ ማለቱ ሳይሆን እምቢ የማለት ሥልጣን ማግኘቱ ነው።

ኮሚኬ አኒሜሽን ሲሆን ያበላሹብኛል ብዬ እፈራለሁ። ትክክል ነኝ?

ፍርሃቱ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ውስጥ መግባት ነው።

ቻርልስ ሹልዝ ቻርሊ ብራውን የሚባለውን ልጅ ለ50 ዓመት ሣለ። 17,897 ስትሪፕ (በጋዜጣ በአንድ ቀን የሚወጣ አጭር ኮሚክ)፣ አንዱንም ለረዳት ሳይሰጥ። የኮሚኩን ስም እንኳ ያወጣለት አከፋፋዩ ነው፤ እስኪሞት ድረስ አልወደደውም። በ1965 የገና ፊልም ሲሠራለት ግን አብሮ ተቀመጠ። ታሪኩን ራሱ ጻፈ። የልጆቹን ድምፅ እውነተኛ ልጆች ሰጡ። ለማሳቅ ሲባል ከኋላ የሚገባው የተቀዳ ሳቅ እንዳይገባ አደረገ። ሙዚቃው ጃዝ ሆነ። የጣቢያው ኃላፊዎች ሲያዩት አልወደዱትም፤ ቀርፋፋ መሰላቸው። ከተላለፈ በኋላ ግን ሕዝቡ ተቀበለው፤ ሥዕሉም እንደ ኮሚኩ ቀላልና ዝግ ያለ ነበር።

ኢራናዊቷ ማርጃን ሳትራፒም የልጅነት ታሪኳን በጥቁርና ነጭ ኮሚክ ሠርታ፣ በ2007 ፊልም ሲሆን ከሁለቱ ዳይሬክተሮች አንዷ ራሷ ሆነች። ፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይም ተሸለመ። ስለዚህ ውል ስትዋዋሉ ከገንዘቡ ጋር ወንበር ጠይቁ። ስቶሪቦርዱን የማየት፣ ድምፅ ሲመረጥ የመገኘት መብት። ገንዘቡን ትንሽ ቀንሳችሁም ቢሆን።

የሥዕል ትምህርት ቤት መግባት አለብኝ?

ብትችሉ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ የሰው አካል አጥንትና ጡንቻውን ያውቃል፤ እጁ አይፈራም። ካልቻላችሁም አትቅሩ። ኮሚክ ከነጠላ ሥዕል ሌላ ሙያ ነው፤ ከዚህ ሥዕል ወደዚያ ሥዕል ዓይንን መውሰድ ነው።

ለዚያ ደግሞ ደጃችን ላይ ትምህርት ቤት አለ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ የያዘውን ሥዕል ስንቶቻችሁ ቆማችሁ አንብባችሁታል? ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ይሣላል፤ ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ምኒልክ መወለድና መመለስ በረድፍ በረድፍ ይሄዳል። በየሥዕሉ ሥር ጽሑፍ አለ። ኮሚክ ከዚህ በላይ ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ደግሞ ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። የገጸ ባሕርይ አቀራረጽ ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። እኔ በልጅነቴ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ እነዚያን ዓይኖች እቆጥር ነበር።

ፊደላችን ለኮሚክ አያስቸግርም?

ያስቸግራል፣ ደግሞም ያግዛል።

የሚያስቸግረው ቃላችን ረጅም በመሆኑ ነው። «ስላልነገርኳችሁ» አንድ ቃል ነው። ለእንግሊዝኛ የተሣለ ጠባብ በብል (የገጸ ባሕርዩ ንግግር የሚጻፍበት ክብ) ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድማችሁ ጻፉ፣ በብሉን በዙሪያው ሣሉ። ሁለተኛው ችግር መጠን ነው። ሉና ሊን የሚለያቸው አንዲት ቅጥያ ናት፤ ፊደሉ ሲያንስ ትጠፋለች። እኔ ገጹን በመጽሐፉ ልክ አትሜ፣ በክንድ ርቀት ይዤ አነበዋለሁ። እንግሊዝኛው ለመጮኽ ትልልቁን ፊደል ይጠቀማል፤ እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። እኛ የምንጮኸው ፊደሉን በማወፈር፣ በማዘንበልና ከበብሉ በማስወጣት ነው።

የሚያግዘው ደግሞ ድምፅ ነው። ጧ አለ፣ ዱብ አለ፣ ብልጭ አለ፣ ዥው አለ፣ ድርግም አለ። አማርኛ ለኮሚክ የተፈጠረ ይመስላል። «ባንግ» ብላችሁ የምትጽፉ ልጆች፣ እባካችሁ «ጧ» በሉ። አንባቢው ይደነግጣል።

ለአኒሜሽን ደግሞ ሰባቱ ሆሄያት የአፍ ሠንጠረዥ ናቸው። ግዕዙ ገርበብ ያለ አፍ ነው። ካዕቡ የሾለ ከንፈር። ሣልሱ ወደ ጎን የተሳበ። ራብዑ በሰፊው የተከፈተ። ኃምሱ የተሳበና ትንሽ የተከፈተ። ሳድሱ ሊዘጋ የቀረበ። ሳብዑ ክብ። ለበ፣ መ፣ ፐና ጰ የተዘጋ ከንፈር፣ ለፈ ደግሞ ጥርስ ከንፈር ላይ ጨምሩ። በ9 አፍ አማርኛ ትናገራላችሁ። «ሰላም» ለማለት ገርበብ፣ ሰፊ፣ ዝግ። እንደ ሟና ቷ ያሉት ሲመጡ ከንፈሩን መጀመሪያ አሹላችሁ ከዚያ ክፈቱት። ይህን ሠንጠረዥ የሠራሁ ቀን ሀ ሁን እንደ አዲስ የተማርኩ መሰለኝ።

ከአፍሪካ የተሳካለት አለ?

አለ። ኮት ዲቩዋር፣ አቢጃን የተወለደችው ማርገሪት አቡዌ ስለ ሰፈሯ ልጃገረዶች የጻፈችው ኮሚክ በ2005 ወጣ፤ በ2013 እሷና ሠዓሊው አብረው አኒሜሽን ፊልም አደረጉት። ኩጋሊ የሚባለው የናይጄሪያና የኡጋንዳ ልጆች ኩባንያ ኮሚክ ያሳትም ነበር። በ2019 ለቢቢሲ ዲዝኒን እንበልጣለን ብለው ተናገሩ፤ ዲዝኒ ሰማና ጠራቸው። በ2024 በወደፊቷ ሌጎስ የሚካሄድ ተከታታይ አኒሜሽን አብረው አወጡ። ዛምቢያዊቷ ማሌንጋ ሙሌንዴማ ስለ አራት ልጃገረዶች የፈጠረችው አኒሜሽን በ2023 ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል።

ከእኛም ብሥራት ደበበ በ2018 በኢታን ኮሚክስ በኩል «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። በአማርኛ የሚናገር ልዕለ ኃያል በመጽሐፍ መልክ ሳይ ምን እንደተሰማኝ መግለጽ ይከብደኛል። ፀሐይ የምትባለውን ቀጭኔ ደግሞ የማያውቃት የአዲስ አበባ ልጅ የለም። አሻንጉሊት እንጂ ሥዕል አይደለችም፤ ግን የተጀመረችው መኖሪያ ቤት ውስጥ፣ በአንዲት አስተማሪ በብሩክታዊት ጥጋቡና በባለቤቷ እጅ ነው።

ስንት ኮፒ ላሳትም?

የተከፈለበትን ያህል። ወረቀት ውድ ነው፤ አልጋ ሥር የተከመረ መጽሐፍ ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። መጀመሪያ አሥር ገጽ ቴሌግራም ላይ ልቀቁ። ቅድሚያ የሚከፍል አንባቢ ሰብስቡ። ከዚያ ማተሚያ ቤት ሂዱ።

አሜሪካኖቹ ይህን በከባድ ዋጋ ተምረውታል። በ1991 ማርቭል ያሳተመው የኤክስ ሜን ኮሚክ አንድ ቁጥር ብቻ ወደ 8 ሚሊዮን ኮፒ ተሸጠ። ብዙው ገዢ ግን አንባቢ አልነበረም፤ ነገ ይወደዳል ብሎ ደርቦ የገዛ ነው። ነገ ሲደርስ አልተወደደም። ሱቆች ተዘጉ፣ ማርቭል ራሱ በ1996 መጨረሻ ኪሳራ አወጀ።

በምን ሶፍትዌር ልሥራ?

ክሪታ ለሥዕል፣ ኦፕንቱንዝና ብሌንደር ለአኒሜሽን። ሦስቱም ነፃ ናቸው። በ2025 ኦስካር ያገኘው የላትቪያው የድመት ፊልም የተሠራው በብሌንደር ነው። ፊልሙ ውስጥ አንድም ቃል አይነገርም፤ ስለዚህ ትርጉም አላስፈለገውም።

በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ብሠራው ምን አለበት?

ከመብት አንፃር ብቻ ልመልስ። በ2023 የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ስለ አንድ ኮሚክ ውሳኔ ሰጠ፤ ሥዕሎቹ በኤአይ የተሠሩ ናቸው። ቢሮው ጽሑፉንና የገጾቹን አቀማመጥ ለደራሲው ፈቀደ፣ ሥዕሎቹን ግን ሰው አልሠራቸውም ብሎ ከለከለ። የእናንተ ያልሆነ ገጸ ባሕርይ ሊከራይም ሊሸጥም አይችልም። የገጸ ባሕርያችሁን የመጀመሪያ ሥዕል በእጃችሁ ሣሉ፤ ረቂቁንም አትጣሉ።

ልጄ ቀኑን ሙሉ ካርቱን ይሥላል። ምን ላድርግ?

ይህን የሚጠይቁኝ እናቶች ናቸው፣ አንዳንዴም አባቶች። ደብተሩ ዳር ላይ ስለሣለ አትቆጡት። አራት ነጭ ወረቀት ደርባችሁ ለሁለት አጥፋችሁ መሐሉን በስቴፕለር ምቱለት፤ 16 ገጽ ያለው መጽሐፍ ይሆናል። አንድ ታሪክ ጀምሮ እስኪጨርስ ሌላ አትስጡት፤ መጨረስ ከመሣል በላይ ይከብዳል። ሲጨርስ ሽፋኑ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጻፍበት፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ያንብብላችሁ።